«ይወጉሃል» ተብሎ ያደገ ልጅ

«አርፈህ ተቀመጥ፤ አለበለዚያ ዶክተሩ ይወጋሃል!» ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህን ሳይሰማ የሚያድግ ልጅ ጥቂት ነው። መርፌን ማስፈራሪያ አድርገን አሳድገነው፣ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ የያዘው ዕለት «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ትወጋለህ» እንለዋለን። አልጋ ሥር ቢደበቅ ምን ይገርማል?

ሕመሙ ከረሜላ በማብዛት አልመጣም። የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ በቆሽቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሴሎች አጥፍቶበት ነው። ያለ ኢንሱሊን የበላው እንጀራ ስኳር ሆኖ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሴሎቹ ግን ይራባሉ። ይጠማዋል፣ ሽንት ያመላልሰዋል፣ እየበላ ይከሳል። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ ከዚህ ሕመም የሚያተርፍ መድኃኒት አልነበረም። የመጀመሪያው መርፌ በደንብ ስላልተጣራ እምብዛም አልረዳውም፤ ከ12 ቀን በኋላ የተወጋው ግን አተረፈው።

የልጅን «እምቢ» ከመቆጣት በፊት መፍታት ይሻላል። አንዱ ምክንያት ሕመም ነው። ከፍሪጅ እንደወጣ የተወጋ ኢንሱሊን ያማል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ ማለዳው ራሱ ብርድ ነው። ብልቃጡን በመዳፍ ይዞ ማሞቅ ሕመሙን ይቀንሳል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ችግሩ ይገለበጣል፤ ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሻል፤ ኢንሱሊኑም ከቆዳ ሥር ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ፍሪጅ የሌለው ቤት ብልቃጡን ውኃ እንዳያገኘው አሽጎ እርጥብ ሸክላ ውስጥ ቢያኖረው ይጠቅማል።

ልጁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ልወጋ ካለ ቆዳውን ዳስሱት። ተደጋግሞ የተወጋ ቦታ ያብጥና ይደነዝዛል። ልጁ የሚመርጠው ስለማያመው ነው፤ መድኃኒቱ ግን ከዚያ በወጉ አይሰራጭም።

ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው። ክፍል ውስጥ ስኳሩ ወርዶበት ላብ ያጠመቀው፣ እጁ የተንቀጠቀጠበት ልጅ መርፌውን ሲሸሽ ያን ቀን እየሸሸ ነው። ኪሱ ውስጥ ሁሌም ስኳር ይኑር፤ መምህሩም ይወቅ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሐኪሞች «የጫጉላ ጊዜ» የሚሉት ነው። ሕክምና በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ የቀሩት ሴሎች ትንሽ ያገግሙና የሚያስፈልገው መድኃኒት ይቀንሳል። ቤተሰብ «ልጄ ዳነ» ይላል፤ ልጁም መርፌውን ይጥላል። ጸበሉም ዱዓውም ከኢንሱሊኑ ጋር ይሁን እንጂ በእሱ ምትክ አይሁን። ካስታወከው፣ ሆዱን ካመመው፣ ትንፋሹ ከፈጠነና ከጠለቀ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

«ትወጋለህ ወይስ አትወጋም?» የሚባል ጥያቄ የለም። «ዛሬ ጭንህ ላይ ወይስ ሆድህ ላይ?» ግን ይጠየቅ። ጎረምሳ ሲሆንም «አሁንማ አድገሃል» ብሎ ሁሉን ለብቻው መተው አያዋጣም። የደም ስኳሩ ልኬት 300 ሲሆን የሚጮህበት አባት በማግስቱ መመዝገቢያ ደብተሩ ላይ 120 ተጽፎ ያገኛል፤ ልጁ ቁጣውን እንጂ ስኳሩን አላወረደም። «ና እስኪ፣ አብረን እንየው» የምትል እናት ግን እውነተኛውን ቁጥር ታገኛለች። ሐኪሙም መጠኑን የሚያስተካክለው በዚያ ቁጥር ነው።