የፋርስ ነገሥታት አምባርና ፈርጦቹ

ሱራቃ ኢብኑ ማሊክ በሂጅራ መንገድ ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያሳድድ የፈረሱ እግር አሸዋ ውስጥ እንደሰመጠ ከመድረሳ ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የኪስራን አምባሮች እንደሚያጠልቅ ተነገረው፤ ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ በሆኑበት ዘመንም አጠለቃቸው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ለመሆኑ የፋርስ ንጉሥ አምባር ምን ዓይነት ነገር ነው?

ከዚያ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድመው ፋርስን የገዙት አኬሜኒዶች ናሙናውን በመቃብር ትተውልናል። እ.ኤ.አ. በ1901 ፈረንሳውያን ቆፋሪዎች በደቡብ ምዕራብ ኢራን፣ በሱሳ፣ አንድ የነሐስ ሬሳ ሣጥን አገኙ። ውስጡ ጫፋቸው የአንበሳ ራስ የሆነ የወርቅ አምባሮችና የአንገት ቀለበት፣ ፈርጥ የሞላባቸው የጆሮ ጌጦችም ነበሩ። ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ይገኛሉ።

አሠራሩ እኛን የምህንድስና ተማሪዎችን ይማርካል። ቀጭን የወርቅ ጥብጣብ በጠርዙ ቆሞ ወርቁ ላይ ይበየድና እንደ ማር እንጀራ ትናንሽ ክፍሎች ይፈጠራሉ። ችግሩ ብየዳው ነው፤ ንጹሕ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣልና እሳቱ ትንሽ ካለፈ ጌጡ ራሱ ይፈሳል። መዳብ የተቀላቀለበት ወርቅ ግን ቀድሞ ስለሚቀልጥ መበየጃ ይሆናል። ከዚያ ድንጋዩ በየክፍሉ ልክ ተሞርዶ በማጣበቂያ ይቀመጣል።

ድንጋዮቹስ ከየት መጡ? ዳርዮስ ስለ ሱሳ ቤተ መንግሥቱ ባስቀረጸው ጽሑፍ ወርቁ ከሰርዴስና ከባክትሪያ፣ ሰማያዊው ላዙሊና ዐቂቁ ከሶግዲያና፣ ፊሩዙ ከኸዋሪዝም (የአልጀብራው አል-ኸዋሪዝሚ የተጠራበት አገር) እንደመጣ፣ ወርቅ አንጣሪዎቹም ሜዶናውያንና ግብጻውያን እንደነበሩ ይዘረዝራል። ጽሑፉ ስለ ሕንፃው ይሁን እንጂ የጌጡም ቀለማት እነዚሁ ናቸው።

አምባሩ የሀብት ምልክት ብቻ አልነበረም። ግሪካዊው ዜኖፎን እንደጻፈው ንጉሡ ራሱ ካልሰጠው በቀር ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ማጥለቅ አይችልም ነበር። ታዲያ የመድሊጁ ዘላን እጅ ላይ ሲታይ ለፋርሶች ምን ማለት እንደነበር መገመት አይከብድም።

ከአሙ ዳርያ ወንዝ አጠገብ የተገኙትና ለንደን ያሉት አምባሮች ዛሬ ፎቷቸው ሲታይ ወርቅ ብቻ ይመስላሉ። በክንፋማዎቹ አውሬዎች ገላ ላይ ያሉት ጎድጓዶች ግን ጌጥ አይደሉም፤ ፈርጦቹ የወደቁባቸው ባዶ ቤቶች ናቸው።