«በእምነት ብቻ» ስለሚለው ትምህርት

በሐዋሳ ከተማ፥ በባህል አዳራሽ ለአንድ ጉባኤ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ወንድማማቾች፥ እሑድ ጧት ሲሆን አንደኛው ወደ ቅዱስ ገብርኤል፥ ሁለተኛው ወደ ወንጌላውያን ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። ሁለተኛውም ወንድሙን፥ «ድነሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተጠያቂው ግን ወንድሙ በዚህ ቃል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሳይረዳ ቍጣ ይቀድመዋል። ስለዚህ የቃሉን ምንጭና ትርጕም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ክርክሩ የተነሣው በሌላ ቤት ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1517 ዓ.ም. ጀርመናዊው መነኵሴ ማርቲን ሉተር፥ በሮማ ቤተ ክርስቲያን የኃጢአትን ቅጣት ያስቀራል የተባለ ወረቀት በገንዘብ መሰጠቱን ተቃወመ። ኋላም፥ ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው በሥራው ሳይሆን በክርስቶስ በማመን ብቻ ነው ብሎ አስተማረ። እንዲህ ያለው ወረቀት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስላልነበረ፥ ጠቡም የእኛ ጠብ አልነበረም። እንዲያውም በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ዊተንበርግ ደርሶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሥላሴና ስለ ቅዳሴ ተነጋግሮ፥ የምስክር ደብዳቤ ተቀብሎ በሰላም ሄዷል።

ሉተር በ1522 ሐዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ፥ በሮሜ መልእክት በ3ኛው ምዕራፍ በ28ኛው ቍጥር በጽርዕ የሌለውን «ብቻ» የሚል ቃል ጨመረበት። ሲጠየቅም፥ አሳቡም የቋንቋዬም ጠባይ ያስገድደኛል ብሎ መለሰ። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን በ2ኛው ምዕራፍ በ24ኛው ቍጥር ይህንኑ «ብቻ» አንሥቶ ሰው እንዲህ እንደማይጸድቅ ይናገራል። እነርሱ ደግሞ፥ ያዕቆብ የነቀፈው የሞተውን እምነት ነው፤ ሕያው እምነት ሥራን ሳያፈራ አይቀርም ይላሉ። እንግዲህ ፕሮቴስታንት ሁሉ ሥራን ይንቃል ብሎ መናገር ሐሰት ነው፤ በሐሰትም ወንድምን መመለስ አይቻልም።

በስማቸውም አንድ አድርገን ባንቈጥራቸው መልካም ነው። በ1951 ዓ.ም. በጥር ወር የተቋቋመችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሉተርን መንገድ ተከትላ ሕፃናትን ታጠምቃለች። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ከሰበከው ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን የወጣችው ቃለ ሕይወት ግን አምኖ የመሰከረውን እንጂ ሕፃኑን አታጠምቅም።

እኛ ወንዱን በ40፥ ሴቷን በ80 ቀን እናጠምቃለን። የ40 ቀን ሕፃን ምን ጾሞ፥ ምን መጽውቶ ነው የእግዚአብሔር ልጅ የሚባለው? ድኅነትን በሥራ ደመወዝ ትቀበላላችሁ ብሎ ለሚከሰን ሰው የክርስትናው መጥመቂያ ራሱ መልስ ይሰጠዋል። (ከእኛም መካከል ጾሙን ለእግዚአብሔር እንዳበደረው ገንዘብ የሚቈጥር አይጠፋም፤ እርሱ ቤተ ክርስቲያን ያላስተማረችውን ይናገራል።)

እውነተኛው ልዩነት ከዚህ በኋላ ነው። በእነርሱ ዘንድ ጽድቅ ዳኛ እንደሚሰጠው ፍርድ ነው፤ የክርስቶስ ጽድቅ ለአማኙ ይቈጠርለታል፤ ሥራም የዚያ ፍሬ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ድኅነት በጥምቀት የተሰጠ ሕይወት ነው፤ ሕይወትም ያድጋል፥ ይታመማል፥ ይፈወሳል። ስለዚህ ንስሓና ቅዱስ ቍርባን መድኃኒት፥ ጾምና ምጽዋትም የዚያ ሕይወት እንቅስቃሴ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቀው ስለ ተራበውና ስለ ተጠማው ነው። «ድነሃል ወይ?» የተባለ ኦርቶዶክሳዊም፥ «በጥምቀት ድኛለሁ፤ በጸጋው እየተጠበቅሁ እስከ ፍጻሜ እሄዳለሁ» ቢል የአባቶቹን ትምህርት መለሰ። ሮማና ሉተራውያን እንኳ በ1999 በአውግስቡርግ ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፤ እርሱም ልዩነቱን ሁሉ አልጨረሰም።

በክርክር መጨረሻ ሁልጊዜ የሚጠራው ፈያታዊ ዘየማን ነው። እርሱ ምን ሠራ? ይሉናል። እጁና እግሩ ተቸንክሮ ነበርና መጾምም መመጽወትም አልቻለም። አንደበቱ ግን አልተቸነከረም፤ ጓደኛውን ገሠጸበት፥ በደሉን ተናዘዘበት፥ በአጠገቡ የተሰቀለውን ንጉሥ ብሎ ለመነበት። የቀረለትም እርሱ ብቻ ነበር።