እናት ቆማ ስትውል ፊዚክስ «ሥራ የለም» ይላል



በጆርጂያ ስምንተኛ ክፍል የፊዚካል ሳይንስ ዓመት ነው። ልጆቻችን ፎርስ፣ ወርክ፣ ኢነርጂ፣ ፓወር የሚሉ ቃላት ይዘው ቤት ይገባሉ። እናት «አባትህን ጠይቀው» ትላለች፤ አባት «አስተማሪህን ጠይቅ» ይላል፤ ልጁም «ኔቨር ማይንድ» ብሎ ክፍሉን ይዘጋል። አማርኛ ከቤታችን የሚወጣው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው። ሰላምታውና የምግቡ ስም በአማርኛ ይቀራል፣ ቁም ነገሩ ወደ እንግሊዝኛ ይሄዳል።

ታዲያ ነገሩን አናውቀውም ማለት አይደለም። ብዙዎቻችን ሀገር ቤት ፊዚክስ ተምረናል፤ ያልተማረውም ወላጅ በእጁና በትከሻው ያውቀዋል። የሚያደናቅፈን ቃሉ ነው።

እስቲ «ኃይል» የሚለውን ተመልከቱ። አየር ኃይል እንላለን፣ መብራት ኃይል እንላለን፣ ደክሞን ስንገባ ደግሞ «ኃይሌ አለቀ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ቢሆን የመጀመሪያው ፎርስ፣ ሁለተኛው ፓወር፣ ሦስተኛው ኢነርጂ ነው። «ጉልበት»ም አንድ ቦታ አያርፍም። የመኪና ሞተር የሚለካው በፈረስ ጉልበት ነው፤ እሱ ግን ፎርስ ሳይሆን ፓወር ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ጉልበት ደረጃ ስንወጣ የሚያመን የእግራችን መታጠፊያ ነው! መሥሪያ ቤቶቹም ቢሆኑ አንዱ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ ሌላው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይባላሉ። በዕለት ንግግር ይህ ማንንም አያስቸግርም። ልጁ ግን ፈተና ላይ ነጥብ የሚያገኘው እነዚህን ለይቶ ሲያስቀምጥ ነው፤ እኛ ሦስቱንም «ኃይል» እያልን ብናስረዳው ግራ ይጋባል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በቤታችሁ ፎርስን ጉልበት፣ ወርክን ሥራ፣ ኢነርጂን አቅም፣ ፓወርን ኃይል በሉት። በአማርኛ የተጻፈ ሁሉ በዚህ አይስማማም፤ «ኢነርጂ» ማለት የሚቀላችሁም ካላችሁ በሉት። ዋናው አንዴ የተመረጠውን ቃል መሐል ላይ አለመለወጥ ነው። «አቅም» የሚለውን ግን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ፊዚክስ ኢነርጂን ሲተረጉመው ሥራ ለመሥራት የሚያስችል ነገር ይለዋል፤ አማርኛው ይህን ትርጉም በራሱ ይዞታል። «አቅም አለኝ» ያለ ሰው እኮ እየሠራሁ ነው አላለም፣ መሥራት እችላለሁ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሻንጣው እንምጣ። ሀገር ቤት ለመሄድ ስንዘጋጅ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አውጥቶ ሻንጣ የማይመዝን ማን አለ? 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ። ምድር ያንን ሻንጣ ወደ ታች የምትስበው በ225 ኒውተን ጉልበት ነው። ኒውተን ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት 100 ግራም የምትመዝን ሎሚ ልጁ መዳፍ ላይ አስቀምጡ፤ መዳፉን የምትጫነው በአንድ ኒውተን ገደማ ነው። ሎሚዋን አንድ ሜትር ወደ ላይ ካነሣት አንድ ጁል ሥራ ሠራ። ሻንጣውን አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ከጫነው ደግሞ 225 ጁል። ሥራ ማለት ጉልበት በርቀት ሲባዛ ነው፤ የሚቆጠረው ግን ጉልበቱ በሚገፋበት አቅጣጫ የተሄደው ርቀት ብቻ ነው።

ሻንጣውን ማንሣት ከከበደው ሦስት ሜትር በሚረዝም ጣውላ ላይ እየገፋ ወደዚያው ጠረጴዛ ያውጣው። መፋተጉን፣ ሰበቃ የሚባለውን ከተውነው፣ የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 75 ኒውተን ይወርዳል፤ አንድ ሦስተኛው ማለት ነው። የሚገፋበት ርቀት ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል፣ ስለዚህ ሥራው ያው 225 ጁል ነው። በጉልበት ያተረፈውን በርቀት ከፈለ። በጭነት መኪና ላይ የሚሠራ ወላጅ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያስረዳዋል።

ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ልጁ ሻንጣውን ተሸክሞ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ቢቆምስ? ላብ በላብ ይሆናል። ፊዚክስ ግን በሻንጣው ላይ የተሠራው ሥራ ዜሮ ነው ይላል፣ ርቀት የለማ! ልጅ ደግሞ ይህን ሲሰማ ዝም አይልም። መጋዘን ውስጥ ወይም ሒሳብ መቀበያው ጋ አሥር ሰዓት ቆማ የገባችን እናት «እማዬ፣ ፊዚክስ እኮ ዛሬ ሥራ አልሠራሽም ይላል» ቢላት ቀልዱ ላያስቃት ይችላል።

መልሱ ግን ያምራል፣ ልጁም ሊሰማው ይገባል። ጠረጴዛ ሻንጣ ተሸክሞ ዓመት ቢቆም አይደክመውም፤ እንጨቱ ምንም አያወጣም። ጡንቻ ግን እንደ እንጨት አይደለም። ቆሞ ለመሸከም በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች ያለማቋረጥ ሲኮማተሩና ሲላቀቁ ይቆያሉ፤ ለእያንዳንዷ መኮማተር ከበላነው ምግብ የመጣ አቅም ይቃጠላል። ያ አቅም ሻንጣውን አንድ ጣት እንኳ ስላላነሣው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ላቡ ከዚያ ነው። እንግዲህ እናት ቆማ ስትውል አቅሟ በእርግጥ ወጥቷል፤ ፊዚክስ «ሥራ» የሚለው እና ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። ይህን ልዩነት የገባው ልጅ ከምዕራፉ ከባዱን ክፍል ተሻግሯል።

ለተግባር ትምህርት ደግሞ ስቶን ማውንቴን ቅርባችን ነው። የእግር መንገዱ አንድ ማይል ነው፤ ከታች እስከ ጫፉ ወደ 240 ሜትር ከፍ እንላለን። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጫፍ ሲደርስ ስበትን አሸንፎ የሠራው ሥራ 165,000 ጁል ገደማ ነው። ይህ በምግብ መለያ ላይ በምናየው ካሎሪ ሲቆጠር 40 እንኳ አይሞላም! አንድ ሙዝ 100 ካሎሪ ገደማ አለው። ይህን የሰማ ልጅ «ታዲያ ለምን እንደዚያ ራበኝ?» ማለቱ አይቀርም። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አራተኛውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ስለሆነ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ሙዝ ያዙለት።

በመንገዱ የወጣም በኬብል የተጎተተም ከፍታው አንድ እስከሆነ ድረስ በስበት ላይ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው። በዚህ አቆጣጠር ፋጡማ ሮባም ትገርማለች። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1996፣ እዚሁ አትላንታ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ስታሸንፍ የተነሣችውም የጨረሰችውም እዚያው ስታዲየም ነበር። የከተማውን ዳገትና ቁልቁለት ሁሉ ወጥታ ወርዳ ወደነበረችበት ከፍታ ስለተመለሰች የስበት ሥራ ድምሩ ዜሮ ነው። 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ! ይህን በተለይ ሩጫ ለሚወዱት ልጆች ንገሯቸው።

ኃይል፣ ማለትም ፓወር፣ የሚመጣው ሰዓት ስንይዝ ነው። ያ ሰውዬ ተራራውን በ40 ደቂቃ ከወጣው 165,000 ጁሉን ለ2,400 ሰከንድ እናካፍላለን። ወደ 69 ዋት ይመጣል። የድሮው አምፖል ማለት ነው፣ ያ 60 እና 75 የሚል ጽሑፍ የነበረበት። በ20 ደቂቃ ሮጦ ቢወጣው ሥራው አይጨምርም፤ ኃይሉ ግን እጥፍ ይሆናል።

አሁን ምጣዱን ገልብጡና መለያውን አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ባለ 120 ቮልት ሶኬት ላይ የምንሰካቸው ምጣዶች ብዙዎቹ ወደ 1,500 ዋት ናቸው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ ወጥ ቤታችን ውስጥ ሁለት ፈረስ አለ። ለ40 ደቂቃ ከጋገርን ደግሞ የፈጀነው አቅም 1,500 ሲባዛ በ2,400፣ ማለትም 3,600,000 ጁል ነው። መብራት ቤት ሒሳብ ሲልክልን አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚለው በትክክል ይህንን ነው። ከተራራው ጋር አስተያዩት፦ እኛ እንጀራ እስክንጋግር 22 ሰው ስቶን ማውንቴን ጫፍ ደርሷል። ለዚያ ሁሉ የምንከፍለው ከአንድ ዶላር በብዙ ያነሰ ነው። በሰው ትከሻ ይቀርብ ቢሆን ኖሮ ማን ይችለው ነበር? በነገራችን ላይ ሀገር ቤት ያለው የመብራት ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ ይስባል፤ እዚህ ያለው ምጣድ ቶሎ አይግልም እያላችሁ የምታማርሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ያ አቅም ከየት ይመጣል ለሚል ልጅ የዓባይ ግድብ አራቱንም ቃል በአንድ ቦታ ያሳያል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ከፍ ብሎ የተኛው ውሃ አቅም ነው፤ ገና ምንም አልሠራም። በቱቦው ወርዶ የተርባይኑን ምላስ ሲገፋ ጉልበት ነው። ተርባይኑ ሲዞር ሥራ ተሠራ። በሰከንድ ምን ያህል ተሠራ ስንል ኃይል ነው፤ ግድቡ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ 5,150 ሜጋዋት የሚባለው ይህ ነው። እንደ እኛ ያለ ባለ 1,500 ዋት ምጣድ ከ3 ሚሊዮን በላይ በአንድ ጊዜ ያግላል። ለአንዱ ምጣድ የ40 ደቂቃ ጋገራ ብቻ ወደ 4 ቶን የሚጠጋ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ መውረድ አለበት። እዚህ ቅርባችን ሌክ ላኒየር ላይ ያለው የቢውፎርድ ግድብም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለሽርሽር ስትሄዱ ልጆቹን አሳዩአቸው።

የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ጆርጂያ ውስጥ ልጅ በ15 ዓመቱ የመለማመጃ ፈቃድ ያወጣል። ስምንተኛ ክፍል የተማረው ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ መሪ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር በመንቀሳቀሱ ብቻ አቅም አለው፤ ይህ አቅም የሚያድገው ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ አራት እጥፍ ይሆናል። ካሬ የሚለው ቃል ለልጅ ስለማይታየው እኔ በፎቅ አስረዳለሁ። በ35 ማይል የሚሄድ መኪና ያለው አቅም ከ12 ሜትር ተኩል ከፍታ፣ ከአራት ፎቅ አካባቢ፣ ከወደቀ መኪና ጋር እኩል ነው። በ70 ማይል ሲሆን ስምንት ፎቅ እንዳይመስላችሁ። 50 ሜትር ነው፣ ዐሥራ ስድስት ፎቅ።

መኪናው እንዲቆም ይህ ሁሉ አቅም የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ፍሬን የሚሠራው ሥራ እንደ ሻንጣው ጉልበት በርቀት ሲባዛ ነው። የፍሬኑ ጉልበት ካልጨመረ በ70 ማይል ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከ35ቱ አራት እጥፍ ነው። 285 ላይ ከፊት ያለውን መኪና ተጠግቶ ለሚነዳ ልጅ ይህን ቁጥር ቀድሞ ማወቁ ከጩኸታችን የተሻለ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የደኅንነት ቀበቶና ኤርባግም ሥራቸው ይኸው ነው፦ ሰውነት የሚቆምበትን ርቀት በጥቂት ሳንቲሜትሮች ያስረዝማሉ፣ ርቀቱ ሲረዝም ደረት ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይቀንሳል። ጣውላውን አስታውሱት።

የፍሬን አቅም በተራ መኪና ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ጎማው አካባቢ የሚሸተው እሱ ነው። ከመካከላችን ፕሪየስ የሚነዱት ግን ብዙ ናቸው። ፕሪየስ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን ወደ ጄኔሬተር ቀይሮ ከዚያ አቅም የተወሰነውን ወደ ባትሪ ይመልሳል። በስክሪኑ ላይ ያሉት ቀስቶች የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ወደ አማርኛ ትምህርት ቤት ስትመጡ ልጁን ከፊት አስቀምጡትና ቀስቱ ወደየት እንደሄደ፣ አቅሙ ከየት ወደየት እንደዞረ በአማርኛ ይንገራችሁ።