ራስ ቢትወደድ፦ የጎንደር ዙፋን ቀኝ እጅ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ኮሶዬ ይደርሳል፤ በዚያም የወገራ ደጋ እንደ ግንብ ተቆርጦ ወደ ቆላው ስለሚወርድ፥ ከአፋፉ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው፥ ጭላዳው ከአጠገቡ ሣሩን እየነጨ፥ ዓይኑ በሰንሰለቱ ላይ እየተሻገረ ብዙ ይቆያል። ጥንት ከምጽዋ ተነሥቶ በዓድዋና በሊማሊሞ በኩል ጎንደር የሚገባው ሲራራ ይህን የወገራን ደጋ ሳይረግጥ አያልፍም ነበርና፥ እኔም በዚህ ስፍራ በቆምሁ ቁጥር የማስበው በዚህ ወገን መጥቶ የነገሥታቱን ከተማ በእጁ ስላስገባው ሰውና ስለ ተሾመበት ማዕርግ ነው።

ቢትወደድ የሚለው ቃል በጥንቱ አጻጻፍ ብሕት ወደድ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ብቻውን የተወደደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሹመቱ በንጉሡ ፍቅር ላይ የቆመ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። አስቀድሞ የቀኝና የግራ እየተባሉ ሁለት ብሕት ወደዶች ይሾሙ ነበር፤ በጎንደር ዘመን ግን ሥልጣኑ እየተጠቀለለ በአንድ ራስ እጅ ገባ። እርሱም በዘመቻ የሠራዊቱ አዝማች፥ በሰላም የሸንጎው አለቃ ነበር። በሸንጎም ታናሹ አስቀድሞ፥ ታላቁ ተከትሎ አሳቡን እየሰጠ ነገሩ ወደ ራስ ቢትወደዱ ይወጣል፤ በመጨረሻም የንጉሡ ፈቃድ በቃለ ዐፄ አንደበት ይሰማል።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ዐርፈው ሕፃኑ ልጃቸው ኢያሱ በነገሡ ጊዜ፥ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ጋር ዘውድ ደፍተው መንግሥቱን ሲመሩ፥ ቀኝ እጅ የሆኗቸው ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል ናቸው። ይህን ለዘመድ ማድላት ብቻ አድርጎ መቍጠር የሚገባ አይመስለኝም፤ የቋራው ተወላጅ በእናት ወገን የንጉሡ አጎት እንጂ የነገሥታት ዘር ስላልሆኑ፥ ዘውዱን ለራሳቸው ሊመኙት አይችሉም፤ ታማኝ በታጣበት ቤተ መንግሥት ከዚህ የሚበልጥ ዋስትና አልነበረም።

ራስ ወልደ ልዑል በ1759 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ ግን፥ በእቴጌዪቱ የቋራ ወገኖችና ከኢያሱ በኋላ በነገሡት በወጣቱ ንጉሥ በዐፄ ኢዮአስ የእናት ወገን በሆኑት ኦሮሞች መካከል ተዳፍኖ የነበረው እሳት ተነሣ፤ የሚያበርደውም ሰው ከትግራይ ተጠራ። ራስ ሚካኤል ስሑል ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ የምጽዋ መንገድ በእጃቸው ስለነበረም በነፍጥ ብዛት የሚተካከላቸው መኰንን አልነበረም። ንጉሡ የጠራቸው ዙፋኑን እንዲያጸኑለት ነው፤ ነገር ግን ፍቅር በመካከላቸው በፈረሰ ጊዜ፥ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ በሻሽ ታንቀው ሞቱ። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል፤ የነገሥታት ደም በጎንደር ከዚያ በፊት ያልፈሰሰ ሆኖ ሳይሆን፥ ብቻውን የተወደደ የተባለው ሰው ወዳጁን ስላስገደለ ነው። በእርሳቸውም ፈንታ የነገሥታት ዘር ከሚታሰርበት ከወህኒ አምባ የሸመገሉት፥ እጃቸው የተቈረጠው ዐፄ ዮሐንስ ወርደው ነገሡ፤ እርሳቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሞቱ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ተተኩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ያገኘው መንግሥት ይህ ነበር። በ1763 ዓ.ም. በሰርባኩሳ ጦርነት ራስ ሚካኤል ድል ተነሥተው ተማረኩ፤ ከዓመት ያህል በኋላም ወደ ትግራይ ተመለሱ። እርሳቸው ያሳዩትን መንገድ ግን መሳፍንቱ ተማሩት፤ ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው እስኪነግሡ ድረስ፥ ራስ ቢትወደዱ ይሾማል፥ ይሽራል፤ ንጉሡ በግንቡ ውስጥ ስሙን ብቻ ይዞ ይቀመጣል።

ማዕርጉ ግን አልጠፋም። በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ሥልጣን በትእዛዝ ተወስኖ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታወጅ፥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እስከ 1950 ዓ.ም. ያገለገሉት ደራሲው መኰንን እንዳልካቸው ኋላ ራስ ቢትወደድ ተብለዋል።