መኪናው «ቂር ቂር» ይላል፤ ታዲያ ለምን አይነሳም?

በዚህ እትም ስለ አሮጌ መኪና ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ለእኛ ለሼክ ሁሴን ልጆች መኪና አልነሳም ማለት ቀልድ አይደለም። ለዚያራ የመጣ እንግዳ መንገድ ላይ ያድራል፤ ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚሄድ ታማሚም ይዘገያል።

አጎቴ አሮጌ የቤንዚን ላንድሮቨር ይነዳል። ላንድሮቨር እንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የድሮው ኮምፒውተር ስለሌለው ችግሩን በዓይን፣ በጆሮና በአፍንጫ ማግኘት ይቻላል። አጎቴን ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ቁልፉ ሲዞር «ቂር ቂር ቂር» ካለ ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረው ነው። ስለዚህ ቶሎ «ባትሪው ሞቷል» አይባልም። ሞተር እንዲነሳ ቤንዚን፣ አየርና የእሳት ብልጭታ ያስፈልጉታል። ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። የቱ ይሆን?

መልሱን ካንዴላው ይነግረናል! ካንዴላ ማለት ብልጭታውን የሚሰጠው ዕቃ ነው። ከተሞከረ በኋላ ተፈቶ ይታያል፦

1. ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ታንከሩ፣ ማጣሪያው፣ ፓምፑና ካርቡራተሩ ይታያሉ። በቆላ ሙቀት ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ እንቢ ሊል ይችላል። ያኔ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅና ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ይረዳል።

2. በቤንዚን ከራሰ ወይ ብልጭታ የለም፣ ወይ ቤንዚኑ በዝቷል። ብልጭታ ከሌለ ፑንቲናው ቆሽሾ፣ ቦቢናው ተበላሽቶ ወይም ገመዱ ላልቶ ይሆናል። ቤንዚን ከበዛ ደግሞ ካንዴላው ደርቆ እንደገና ይሞከራል።

አየሩስ? የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ሞተሩ ይታፈናል። ከጎባ በላይ ያለው ሳነቴ ደግሞ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ የባሕር ወለሉን 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ሲደርስ ለትንሽ አየር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል።

ዋናው ነገር፣ ዝም ብሎ ቁልፍ ማዞር ባትሪውን ይጨርሰዋል። ያኔ አንዱ ችግር ሁለት ሆነ ማለት ነው! መጀመሪያ ፈልጉ፣ ቀጥሎ ፍቱ።

ማሳሰቢያ፦ ልጆች፣ ይህን የሚሠራው ትልቅ ሰው ነው። ቤንዚን ባለበት ክብሪት አይጫርም።