የመሐንዲሱ ስሌት በባለሀብቱ ኪስ

ሕንፃ የሚያሠራ ነጋዴ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ በየዕለቱ ይጠይቃል። ለደላላው ይደውላል፣ መርካቶ ሰው ይልካል፣ በኪሎ ሳንቲም ሳይቀር ይከራከራል። የፌሮው ብዛት በምን ሒሳብ ይህን ያህል እንደሆነ መሐንዲሱን ሲጠይቅ ግን አይሰማም። የስሌቱ ጥራዝ ለፈቃድ ሲባል ከፕላኑ ጋር ታስሮ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገልጠው የለም። ይሁን እንጂ ከወጪው ብዙው የሚወሰነው ገበያ ከመወጣቱ በፊት፣ በዚያ ጥራዝ ውስጥ ነው።

ለምሳሌ የፌሮን ክብደት እንውሰድ። ውፍረቱ በሚሊ ሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንዱን ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጣል። ባለ 14 ፌሮ በሜትር 1.21 ኪሎ፣ ባለ 16 ደግሞ 1.58 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 14 በሚበቃበት ቦታ “ለማንኛውም 16 ይሁን” የሚል መሐንዲስ፣ የፌሮውን ቁጥር ካልቀነሰ በስተቀር፣ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ብረት በ31 ከመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን እንደ ጥንቃቄ ይቆጥርለታል። ነገሩ ግን በስሌቱ ያልተማመነ ባለሙያ በሰው ገንዘብ መጠንቀቁ ነው። (ብረት ሻጮች እንዲህ ያለውን መሐንዲስ ይወዱታል ቢባል ሐሜት አይሆንም።) ደግሞም ብረት ማብዛት ሁልጊዜ ደኅንነት አይሆንም። ቢም ውስጥ ያለው ብረት ከልክ ካለፈ፣ ጭነት ሲበዛበት ብረቱ ተለጥጦ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ አርማታው በድንገት ሊደቅ ይችላል።

ባለሀብቱ ራሱ የሚያመጣው ጣጣም አለ። ግራውንዱ ለሱቅ እንዲመች “ይሄ ምሰሶ ይነሣልኝ” ይላል። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ6 ሜትር ወደ 8 ሜትር ከፍ አለ እንበል። ሁለት ጫፉ ላይ ብቻ የተደገፈ ቢም የሚሸከመው፣ መሐንዲሶች ሞመንት የሚሉት የማጉበጥ ኃይል፣ የሜትሩ ጭነት በርዝመቱ፣ ውጤቱም እንደገና በርዝመቱ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል ይገኛል። በሜትር 3 ቶን ላረፈበት ቢም በ6 ሜትር 13.5፣ በ8 ሜትር 24 ቶን ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ በሲሶ ቢጨምር ኃይሉ በ78 ከመቶ ጨመረ። ቢሙ በነበረበት መጠን ከቀረ ደግሞ ወደ ታች የሚረግበው ከ3 እጥፍ በላይ ነው። ይህን ለማወቅ ካልኩሌተርና አንድ ደቂቃ ይበቃል። የሱቁ ተጨማሪ ኪራይ የቢሙን ጭማሪ ወጪ ይሸፍን እንደሆነ መወሰን ከዚያ በኋላ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ዛሬ ስሌቱ በኢታብስና በኤክሴል ስለሚሠራ ስህተት የቀረ የሚመስላቸው አሉ። ስህተቱ መልኩን ነው የቀየረው። በኪሎ ኒውተን መግባት የነበረበት ቁጥር በቶን ከገባ ውጤቱ በ10 እጥፍ ገደማ ይዛባል። የባሰው ደግሞ የቀድሞ ሥራ ፋይል ስሙ ተቀይሮ ለአዲስ ሕንፃ ሲውል ነው። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የሕንፃ ኮድ ለአዲስ አበባ የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት መነሻ ያደረገው ከመሬት ስበት 5 ከመቶ የሚሆነውን ፍጥነት ነበር፤ የ2015ቱ ወደ 10 ከመቶ አሳደገው። አሮጌ ፋይል የገለበጠ ሰው አሮጌውን ቁጥርም አብሮ ይገለብጣል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረ ሁሉ የተሰማው ስለሆነ፣ ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም።

ኮምፒዩተር ያመጣው ስህተት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ኖርዌጅያውያን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 ስላይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ጋዝ ማውጫ ግዙፍ የአርማታ መሠረት ስታቫንገር ከተማ አጠገብ ለሙከራ ወደ ውኃ ሲወርድ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። ሰው አልሞተም። ኪሣራው ግን 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገምቷል። ሲመረመር የኮምፒዩተሩ ስሌት ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን የመቁረጥ ኃይል በ47 ከመቶ አሳንሶ ማውጣቱ፣ አንዳንድ ፌሮዎችም ከሚገባው አጥረው መቀመጣቸው ተደረሰበት። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተደገመው ስሌት ግድግዳው 62 ሜትር ላይ እንደሚሰበር አሳየ፤ በእውን የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነበር። የሚያስደንቀው የቀጠለው ነው። ጊዜ ስላልነበረ አዲሱን መሠረት ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት በነበረው የእጅ ስሌት ነደፉት፤ የኮምፒዩተሩ ውጤት ሲደርስ ንድፉ አልቆ ነበር። ጋዙም እ.ኤ.አ. በ1993 መውጣት ጀመረ።

እንግዲህ በእጅ ማመሳከር የሚችል መሐንዲስ ገበያ ላይ የሚለየው በዚህ ነው። ሦስት መቶ ገጽ የኮምፒዩተር ወረቀት አትሞ የሚያስረክብ ወጣት ሥራውን አለቃው ሊያጣራለት አይችልም፤ ሊያጣራው የማይችለውን ሰው ደግሞ ትልቅ ሥራ አያስረክበውም። በመጀመሪያው ገጽ የተጠቀመበትን ኮድ፣ የወሰደውን ጭነትና የአፈሩን የመሸከም አቅም የሚጽፍ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ መለኪያውን የሚያስቀምጥ፣ ዋናዎቹን ቢሞች በእጅ ደግሞ ልዩነቱን የሚያሳይ ግን ሥራው በሰዓታት ውስጥ ታይቶ ይፈረምለታል። ለሚቀጥለው ፕሮጀክት የሚጠራውም እሱ ነው። ዲግሪና የምዝገባ ደረጃ በር ይከፍታሉ፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ደመወዝን ከፍ የሚያደርገው ሌላ ሰው ሊከተለው የሚችል ስሌት ነው። የዲዛይን ክፍያ ከግንባታው ወጪ ጥቂት ከመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ በሱ ላይ ተከራክሮ ግማሹን ያስቀነሰ ባለቤትም የተገለበጠ ፋይል ቢደርሰው ሊገርመው አይገባም።

ባለቤቱ ምሕንድስና ባይማርም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። የሕንፃው ጠቅላላ ክብደት መሠረቱ ላይ ስንት ቶን ወጣ? የተለመደ የአርማታ ፎቅ በካሬ ሜትር 1 ቶን ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ይመዝናል። 300 ካሬ ያለው ባለ 5 ወለል ሕንፃ እንግዲህ 1,500 ቶን አካባቢ ወይም ከዚያ በለጥ ብሎ ሊወጣ ይገባል። ኮምፒዩተሩ 800 ካለ አንድ ነገር ሳይገባ ቀርቷል፤ 3,000 ካለ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ገብቷል። መሐንዲሱ ቁጥሩን ጥራዙን ገልጦ ወዲያው ካላሳየ፣ የፌሮው ትእዛዝ ጥቂት ቀን ቢቆይ ይሻላል።