ከአሰላ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ፦ ስለ ከባድ መኪና የነፋስ ፍሬን

ከበቆጂ ስንዴ፣ ከአሰላም ብቅል ጭኖ ወደ አዳማ የሚወርድ ከባድ መኪና፣ ክብደቱ ከነጭነቱ 40 ቶን ቢሆን፣ 2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከአሰላ ተነሥቶ፣ ጭላሎን ከኋላው ትቶ፣ በቁሉምሳና በኢተያ አልፎ ወደ አዋሽ ሸለቆ እስኪደርስ ከ700 ሜትር በላይ ሲወርድ፣ በመውረዱ ብቻ የሚለቀው ኃይል ከ800 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በመንገዱ ርዝመት ከዚህ ኃይል ብዙውን ጎማው፣ አየሩና ሞተሩ ይካፈሉታል፤ ቁልቁለቱ በሚበረታበት ስፍራ ግን የተረፈው ሁሉ ሙቀት ሆኖ በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ያርፋል።

አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 እ.ኤ.አ. ለባቡር ባስመዘገበው ፈጠራ የተጀመረው የነፋስ ፍሬን ዛሬ በከባድ መኪና ላይ ሲሠራ፣ ኮምፕሬሰሩ አየሩን አምቆ በታንክ ያከማቻል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የታመቀው ነፋስ በየጎማው ወዳለው የነፋስ ክፍል ገብቶ የግፊቱን ዘንግ ያወጣል፤ ዘንጉ ማስተካከያ ክንዱን፣ ክንዱም ካሙን አዙሮ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ሸራ ዘወትር የሚበላ ስለ ሆነ የዘንጉ ጉዞ እየረዘመ ይሄዳልና፣ የማስተካከያ ክንዱ ተግባር ይህንኑ ትርፍ ርቀት መልሶ ማሳጠር ነው።

የአደጋው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። በዘይት በሚሠራው የትንሽ መኪና ፍሬን፣ ሸራው ርቆ ሲገኝ ፔዳሉ ወደ ታች እየሰመጠ ሾፌሩን ያስጠነቅቀዋል፤ የነፋስ ፍሬን ፔዳል ግን የነፋስን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዘንጉ ምንም ያህል ቢረዝም ለእግር የሚነግረው አንዳች ነገር የለም። ስለዚህ በአሰላ ጎዳና በመልካም ሲያዝ የነበረው መኪና፣ ቁልቁል ሲወርድ ታምቡሩ በሙቀት ይሰፋል፤ ሙቀቱ ወደ 315 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስም ዘንጉ 10 ሚሊሜትር ያህል ጨምሮ እንዲጓዝ ይገደዳል፤ ጉዞው ባለቀ ጊዜ ነፋሱ በሙሉ ኃይሉ እየገፋ ሸራው ግን ታምቡሩን መጫን ይሳነዋል። ደጋው ራሱም ችግሩን ያከብደዋል፤ በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ኮምፕሬሰሩ ታንኩን ለመሙላት ቢያንስ በሲሶ አብልጦ ይደክማል፤ ዘንጉ የረዘመ ፍሬን ደግሞ በተረገጠ ቁጥር ከሚገባው በላይ ነፋስ ይፈጃል።

እግር የማያውቀውን ዓይን ይመረምር ዘንድ ግድ ነው። መኪናው በሜዳ ቆሞ፣ ጎማው በታኮ ተደግፎ፣ ታምቡሩ ቀዝቅዞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ታንኩም ከ6 እስከ 7 ባር ነፋስ ይዞ ሳለ፣ ዘንጉ ከነፋስ ክፍሉ በሚወጣበት ቦታ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፤ ረዳቱ ፔዳሉን አጥብቆ ሲረግጥ ምልክቱ የተጓዘው ርቀት በማስመሪያ ይለካል። «ዓይነት 30» በሚባለው መደበኛ የነፋስ ክፍል ርቀቱ ከ51 ሚሊሜትር ካለፈ ፍሬኑ ከወሰኑ ወጥቷል። ክንዱ በእጅ የሚስተካከል ከሆነ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ከዚያ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ይመለስና እንደገና ይለካል።

ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ክንድ፣ በአሜሪካ ከጥቅምት 1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ ከባድ መኪናዎች ግዴታ የሆነው፣ ከዚህ የተለየ ሥርዓት ይሻል። ይህ ክንድ ከወሰን ወጥቶ ሲገኝ በመፍቻ ማጥበቅ ጉድለቱን ለጥቂት ቀናት መሸሸግ ብቻ ነው፤ የተበላ ፒን፣ የላላ የካም ቡሽ፣ ግራሶ ያጣ ወይም ውስጡ የተሰበረ ክንድ መኖሩ ተፈልጎ ሳይታደስ መኪናውን ወደ ቁልቁለቱ የሚልክ ባለንብረት፣ የሾፌሩንና በመንገድ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ሕይወት በገዛ እጁ ለአደጋ ይሰጣል።